ሐርጌሳ፦ ከባነሩ ጀርባ የሚወራው

ባነሩ ላይ የሚጻፈው ያው ነው፤ «ሕፃናትን ከኢንተርኔት ጥቃት እንታደግ»። ባነሩ ከተሰቀለበት የሆቴል አዳራሽ ወጣ ብሎ፣ አበል ከተፈረመ በኋላ፣ ሻይ ተይዞ የሚወራው ግን ሌላ ነው። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ጫሌ ወዲህና ወዲያ በዚህ ሥራ የምንመላለስ ሰዎች እርስ በርስ የምንባባለውን ነው ዛሬ ሹክ የምላችሁ። የባልደረባም የድርጅትም ስም አልጠራም፤ ነገም የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ መግባት እፈልጋለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ፤ የእኛው አዋጅ ቁጥር ብቻ በእኛው ነው።)

አሠልጣኙ «በሕጉ መሠረት» ሲል አዳራሹ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። «የትኛው ሕግ?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ ያኔ የሻይ ሰዓት ይደርሳል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጎረምሳ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፎቶ ይዞ «ገንዘብ ካላመጣሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ» ቢላት፣ ዐቃቤ ሕጉ የሚገልጠው የ1962ቱን የወንጀል ሕግ ነው። ሶማሌላንድ በ1991 ነጻነቷን ስታውጅ ከድሮዋ ሶማሊያ ይዛው የወጣችው ሕግ ነው፤ አስገድዶ መድፈርን እንኳ የመደበው ከሥነ ምግባር ወንጀሎች ጋር ነው። በ2018 የፆታ ጥቃትን የሚመለከት አዲስ ሕግ ወጥቶ የያኔው ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ ፈርመውበት ነበር። የሃይማኖት አባቶች ተነሡበት፤ ታገደ። በ2020 የተወካዮች ምክር ቤት በምትኩ ሌላ ረቂቅ አሳለፈ፤ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ደግሞ ወደ ኋላ የሚመልስ ነው ብለው ተቃወሙት። ስላይዱ ላይ ይሄ ሁሉ በአንድ መስመር ያልፋል።

መንግሥት ኢንተርኔት ላይ እጁ አጭር ነው የሚላችሁ ካለ ግን አትመኑት። በዚያው በ2018 ፕሬዚዳንቱን የአንድ አካባቢ ፕሬዚዳንት ናቸው ብሎ ፌስቡክ ላይ የጻፈ ደራሲ 18 ወር ተፈርዶበታል። ገጣሚዋ ናዒማ ቆራኔ ስለ ሶማሌዎች አንድነት በመናገሯ 3 ዓመት ተፈረደባት፤ በምሕረት እስክትወጣም ታስራ ቆይታለች። ያረጀው ሕግ ለእነዚህ ሲሆን ጉልበት አላነሰውም። ለዚህ ነው አዲስ የሳይበር ሕግ ይውጣ ሲባል ከእኛ መካከል እኩሉ የሚያጨበጭበው፣ እኩሉ ደግሞ «መጀመሪያ ማንን ሊይዝበት ነው?» ብሎ የሚንሾካሾከው። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ሕጉ የልጆች አንቀጽ ብቻ ሆኖ ተነጥሎ ቢወጣ እመርጣለሁ።

አሁን ደግሞ ማንም አዳራሽ ውስጥ የማያነሣውን ልንገራችሁ። ሐርጌሳ የራሷ ፓስፖርት፣ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ፖሊስ አላት፤ ስልኳ ግን የሚጠራው በሶማሊያ መለያ በ252 ነው። በዓለም አቀፉ የአገሮች መለያ ዝርዝር ውስጥም የራሷ ፊደል የላትም። ፌስቡክም ሆነ ሌላው ኩባንያ የሕፃን ወሲባዊ ምስል ሲያገኝ ጥቆማውን የሚልከው አሜሪካ ላለው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ነው። ማዕከሉ በ2023 ብቻ ከ36 ሚሊዮን በላይ ጥቆማ ተቀብሏል፤ ጥቆማዎቹንም በየአገሩ ይመድባቸዋል። ከሐርጌሳ የተጫነ ምስል የሚመደበው በሶማሊያ ስም ነው። የኢንተርፖል ቢሮም ያለው ሞቃዲሾ ነው፤ ሐርጌሳ ደግሞ ከሞቃዲሾ ትእዛዝ አትቀበልም። በነሐሴ 2023 ሞቃዲሾ ቲክቶክና ቴሌግራም ይዘጉ ስትል የሐርጌሳ ልጆች ስልካቸውን እየነካኩ ነበር። በዚያኛው በኩል የተባለው እዚህ አልሠራም፤ እዚህ የተጎዳች ልጅ ጉዳይም የሚመዘገበው በዚያኛው በኩል ስም ነው። የሶማሌላንድ የአገርነት እውቅና ጉዳይ የፖለቲከኞች ወሬ ብቻ ይመስላችሁ ነበር አይደል?

ታዲያ ጉዳዩን በተግባር ማን ይጨርሰዋል? ሽማግሌ። የልጁና የልጅቱ ጎሳ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ካሳ ይቆረጣል፣ አንዳንዴም «ያግባት» ተብሎ ይታረቃል። ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ የነበረ ጉዳይ ሳይቀር በዚህ መንገድ ይመለሳል። ሽማግሌን አልንቅም፤ ከ1991 በኋላ ያንን አገር ያስታረቀው እሱ ነው። ግን ፋይሉ ይዘጋል እንጂ ፎቶው ከስልክ አይወጣም፤ እርቁ ስለ ስልኩ አንድም ቃል አይልም። ከሁሉ የከፋው እዚያ የሚኖረው የእኛው አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ዕጣ ነው። አባት ግንባታ ላይ፣ እናት ሰው ቤት ይሠራሉ፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ይፈራል፣ ሽማግሌ ልጥራ ቢል ደግሞ የሚቆምለት ጎሳ የለውም። ለእነሱ የተዘጋጀ በራሪ ወረቀት በአማርኛ አይቼ አላውቅም።

ወላጆች ወደ አዳራሹ የሚመጡት ደግሞ ፎቶ ፈርተው አይደለም፤ ታህሪብ የሚባለውን የወጣቶች ሕገ ወጥ ስደት ፈርተው ነው። «አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» የሚል ደላላ ልጃቸውን በስልክ አባብሎ በጅጅጋ፣ በአዲስ አበባ፣ በመተማ፣ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ እንዳያደርሰው ነው ጭንቀታቸው። ከዚያ የሚደወለው ስልክ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መሬትና መኪና ይሸጣል። ሥልጠናው ስለዚህ ካላወራ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ባዶ ነው።

የሚሠራውስ ምንድን ነው? ከሕጉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የረዳን ዛድ ነው ብል ትስቃላችሁ። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም በ2009 የጀመረው የሞባይል ገንዘብ ነው፤ ሐርጌሳ ውስጥ ሻይም ጫትም የሚከፈለው በእሱ ነው። አስፈራሪው ገንዘብ የሚቀበለውም በእሱ ነው። ገንዘቡ እንደተላከ በምትመጣው አጭር መልእክት ላይ የተቀባዩ ስም፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቀሪ ሂሳቡ በተርታ ይታያል። ፎቶው ላይ ሊከራከር ይችላል፤ ስሙና ቁጥሩ ያለበት መልእክት ላይ ግን ምን ይላል? ችግሩ ይህች መልእክት ሽማግሌ ፊት አትደርስም። ልጅቱ ደንግጣ ሁሉንም ትደመስሳለች፤ ካልደመሰሰች ወንድሟ በንዴት ስልኩን ይሰብረዋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተሠራ፣ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎት ነው። ያው የአሜሪካው ማዕከል በ2023 ይፋ አደረገው። ምስሉ ከልጅቱ ስልክ አይወጣም፤ ከምስሉ የተሰላ የቁጥር አሻራ ብቻ ይላክና ተባባሪ የሆኑት እነ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያንን አሻራ ሲያገኙ ያነሡታል። ስምም አድራሻም አይጠይቅም። የየትኛው አገር ዜጋ ነሽ የሚል የለም፤ ለሐርጌሳ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዋትስአፕ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ለሚዞረው ግን አይደርስለትም፤ ሐርጌሳ ውስጥ ደግሞ የሚዞረው በአብዛኛው በዚያው ነው።

ድንበሩን ተሻግረን ወደ እኛ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 የሕፃን ወሲባዊ ምስል ያዘጋጀውን፣ ያሰራጨውንም ይዞ የተገኘውንም ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣዋል፤ ሕፃን በመልእክት ወይም በምስል ያባበለ ከ5 ዓመት ይጀምራል። «ይህቺን ልጅ የምታውቁ» እያለ በቴሌግራም የሚቀባበለው አዛኝ ሁሉ እዚህ አንቀጽ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ስንናገር ጅጅጋም አዲስ አበባም ፊት ይቀላል። በ2022 የወጣው የዩኒሴፍ፣ የኢንተርፖልና የኤክፓት ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች ከአሥሩ አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የኢንተርኔት ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰበት ገምቷል። አዲስ ሕግ ያላትም በአሮጌ ሕግ የምትሠራውም ከተማ ዝምታ ላይ ይገናኛሉ።

መጨረሻ ስለ ሬዲዮ። ሶማሌላንድ ውስጥ የግል ሬዲዮ የተከለከለ ነው፤ ያለው በ1943 የተመሠረተው የመንግሥቱ ሬዲዮ ሐርጌሳ ነው። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ስንጽፍ ማንም ሳይነግረን እኛው ራሳችን እንቀንሳለን። መጀመሪያ ሰውነትን የሚጠራው ቃል ይወጣል፣ ቀጥሎ «ፎቶ» ወደ «መረጃ» ይለወጣል፣ ከዚያ አስፈራሪው ዘመድ ሊሆን ይችላል የሚለው ይቆረጣል። ሼኩንም ሽማግሌውንም ሚኒስቴሩንም የማያስቀይም ሆኖ ሳይነካ የሚቀርልን አንድ መስመር አለ፦ «ስልኩን አትስበሩ፤ መልእክቱን አትደምስሱ።» አሁን አሁን ማስታወቂያውን ከእሷ ነው የምንጀምረው።