ኮንትሮለር፣ ሬኮርድቦክስ እና የእኛ 6/8

ዲዲጄ-ኤፍኤልኤክስ4 ኮንትሮለር ገዝታችሁ ሬኮርድቦክስ የተባለውን ሶፍትዌር ለጫናችሁ ጀማሪ ዲጄዎች፦ ኮንትሮለሩን በሃብ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፤ ኃይሉም ድምፁም የሚያልፈው በዚያው ገመድ ነው።

ድምፁ በላፕቶፑ ስፒከር ከወጣ ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። የሬኮርድቦክስ መቼት ውስጥ ኦዲዮ የሚለውን ከፍታችሁ ኤፍኤልኤክስ4ን ምረጡ። ኮንትሮለሩ የራሱ ሳውንድ ካርድ አለው፤ ሕዝቡ አንዱን ዘፈን እየሰማ እናንተ ቀጣዩን በሄድፎን የምታዳምጡት በእሱ ነው። እዚያው ያለው በፈር ሳይዝ በ44,100 ኸርዝ 256 ላይ ከሆነ መዘግየቱ 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ድምፁ ከተቆራረጠ ወደ 512 ከፍ አድርጉት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቺክቺካ በ6/8 ይመታል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ሁሉንም ዘፈን አራት አራት እያደረገ ይቆጥራል። በደቂቃ 100 ምት የሚሄደውን 150 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ያኔ የሁለት ዘፈኖችን ምት በራሱ የሚያገጣጥመው ሲንክ ከተጫነ ዘፈኖቹ ይጋጫሉ፣ እስክስታ የያዘው ሰውም መሀል ላይ ይቆማል! ስለዚህ ሠርግ ላይ ከመጫወታችሁ በፊት፣ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ፣ እያጨበጨባችሁ ምቱን ቁጠሩና ሶፍትዌሩ ያሰመረውን የምት መስመር (ግሪድ) በእጃችሁ አስተካክሉ። ድራሙ በሰው እጅ የተመታባቸው የቆዩ ቅጂዎች ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፤ እነሱን ዳይናሚክ በሚለው ዘዴ አስተንትኗቸው። እኔ ለእነዚህ ሲንክን አጥፍቼ በጆሮዬ ነው የማገናኛቸው፤ ለጀማሪም የምመክረው ይኼንኑ ነው።

ከካሴት የተገለበጡት ዘፈኖች ደግሞ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ትሪሙን ከፍ አድርጉላቸው፣ የቻናሉ መብራት ግን ቀይ እንዳይነካ።