ካርቶን ላይ የተጻፈ ዘይት

ሽታው የመጣው በሐምሌ ዝናብ ነው። የፊት መስታወቱ ጉም ሲለብስ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለውን የማሞቂያ ማንሻ ሳብ አደረግኩት። ከሞቀው አየር ጋር የተቃጠለ ዘይት ሽታ ገባና ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ ማሳል ጀመረች። መስኮቱን ከፈትን፤ ዝናቡ ገባ። ዘግተን ደግሞ ታፈንን። ቤት ደርሰን በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ከቆመችበት ስር የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ኩሬ ነበር።

መኪናዋ የአባቴ ቮልስ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት፣ ባለ 1300። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችው መኪናም ቮልስ ነበረች። አባቴ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሳይነግር አያልፍም ነበር፤ ለእኔ ግን ትምህርት ቤት የወሰደችኝ መኪና ናት፤ እንድትሞትብኝ አልፈልግም።

ቮልስ ላይ ዘይት ማፍሰስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዙት የቬንትሌተሩ ነፋስና ዘይቱ ናቸው። ያ ዘይት ደግሞ በጠቅላላው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ግማሽ ሊትር ጎደለ ማለት የቀረው ያንኑ ሙቀት ብቻውን ይሸከማል ማለት ነው።

ቀድሞ ሁለት ጊዜ ጋራዥ ገብታለች። በመጀመሪያው ሞተሩ ወርዶ በቮላኖው በኩል ዘይቱን የሚያግደው ፓራኦሊዮ ተቀየረ። ለሁለት ሳምንት የተሻላት መሰለን፤ ከዚያ ያው ሆነች። በሁለተኛው ጊዜ በፑሌጃው ዙሪያ ሲሊኮን ተለቀለቀ፣ የታችኛው መክደኛ ዳዶዎችም በኃይል ተጠበቁ። ይኼኛው ከነበረው አባሰው። ሦስተኛ ጋራዥ ልወስዳት ስል ጎረቤቴ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ መራኝ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

«ጋሼ፣ ሞተሩን መቼ እናውርደው?» አልኳቸው።

«ምኑን ልታወርድ? ገና የት እንደምታፈስ መች ታወቀና?» አሉኝ። «አሁን የምታየው የአሥር ዓመት ቆሻሻ ነው። መጀመሪያ ትታጠብ።»

ግማሽ ቀን በናፍጣና በብሩሽ አጠብናት። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዳ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ አይደለም። መፈለግ ያለበት ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚገኘው እርጥብ ነው፤ ያንን ደግሞ የቆሸሸ ሞተር ላይ ማየት አይቻልም። ከታጠበ በኋላ ጋሼ በጨርቅ አደረቁት፣ የሕፃን ፓውደርም ነፉበት። ማታ ከመኪናዋ ስር የፍሪጅ ካርቶን ዘርግተን የአራቱን ጎማዎች ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ዳሩ ላይ ቀኑን ጻፉበት።

ጠዋት ካርቶኑ ላይ ሦስት ምልክት ነበር። ሁለቱ ከሞተሩ ስር፣ ጥቁር። ሦስተኛው ከፊት ግራ ጎማ ውስጠኛ ጎን፣ ፈዘዝ ያለ፤ እኔ ውሃ ነው ብዬ ያለፍኩት። ጋሼ ጣታቸውን ነክረው አሹት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ።

«ልጅህን በዚህ ነው የምትጭናት?»

የፍሬን ዘይት ነበር። የሞተር ዘይት ይጠቁራል፤ የካምቢዮ ዘይት ይወፍራል፣ የድኝ ሽታ አለው፤ የፍሬን ዘይት ግን ቀጭን ነው፣ በውሃ ይታጠባል፣ የነካውን ቀለም ይልጣል። ከበሮው ሲወልቅ የውስጡ ጎሚኒ ተሰንጥቆ ጫማዎቹ ርሰው ተገኙ። ያን ቀን ስለ ሞተሩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በሁለቱም የፊት ጎማዎች ጎሚኒዎቹና ጫማዎቹ ተቀየሩ፣ አየሩ ወጣ፣ አበቃ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባት ትልቋ ኩሬ ሞተሯን ብቻ ነበር የምትጎዳው፤ ሰው የምትገድለው ማንም ያላያት ትንሿ ነጠብጣብ ነበረች። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

በማግስቱ ሞተሩ ተነሣና ፓውደሩን በባትሪ ብርሃን ተከታተልነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በፑሌጃው ስር ጥቁር መስመር ወረደ። ቀጥሎ ዲስትሪቢዩተሩ የተተከለበት ቦታ ላበው። ከዚያ የነዳጅ ፓምፑ እግር። ከዚያ ከሲሊንደሮቹ ስር ያሉት ቱቦዎች። እኔ በልቤ የስንቱን ዋጋ እየደመርኩ ነበር፤ ጋሼ ግን ፈገግ አሉ።

«ጓርኒሲዮን ሁሉ በአንድ ቀን አያረጅም» አሉ። «አንድ የሚገፋው ነገር አለ።»

ከዚያ ፑሌጃውን አሳዩኝ። እዚያ ቦታ ላይ የቮልስ ሞተር ፓራኦሊዮ የሚባል ነገር የለውም፤ ፋብሪካው ሲሠራትም አልነበረውም። የፑሌጃው አንገት ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ጎድጎድ አለ፤ ሲሽከረከር የመጣውን ዘይት ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ድንቅ ሥራ ነው፤ የሚያልቅ ጎማ የለው፣ የሚቀየር ነገር የለው። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው አየር እንዳይበልጥ። ነዳጁ ሲቃጠል ጥቂት ጋዝ ሁልጊዜ በፒስቶኑ ፋሻ በኩል ወደ ታች ይሾልካል፤ በአዲስ ሞተርም ቢሆን። ያ ጋዝ መውጫ ካጣ ዘይቱን እየገፋ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። ጠማማው ጎድጎድ ደግሞ ጋዝ አይመልስም። ባለፈው የተለቀለቀው ሲሊኮን የተሸነፈው ለዚህ ነበር።

መውጫው የት ነው? ዘይት ከሚሞላበት አንገት ሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ ቱቦ ወደ አየር ማጣሪያው ይሄዳል፤ ሞተሩ የራሱን ጭስ መልሶ እየሳበ ያቃጥለዋል። ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ የጎማ አፍ አለው፣ የተጠራቀመው ውሃ በዚያ ይንጠባጠባል።

የመኪናዬ ዋናው የአየር ማጣሪያ ከዓመታት በፊት ወልቆ በትንሽ የወረቀት ማጣሪያ ተተክቷል። አዲሱ ቱቦውን የሚቀበል አፍ ስለሌለው ቱቦው በቡሎን ተደፍኖ ጎን ላይ ታስሯል። ጋሼ ከመኪናዋ ስር ገብተው የታችኛውን ቱቦ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ትንሽ ዝም ብለው በካቻቢቴ ጫፍ ግራጫ የደረቀ ሲሊኮን ቆፍረው አወጡ። «እዚህ ጋ ትንጠባጠባለች» ብሎ አንድ ሰው ደፍኖታል። ሁለቱም አፍንጫዋ ተደፍኖ ነበር የምትነዳው።

ማመን ስላቃተኝ ጋሼ ፈተና ሠሩልኝ። እንደገና አጠቡት፣ ፓውደር ነፉበት፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ጨርቅ ጣል አድርገውበት ሞተሩን አስነሡ። ሃያ ደቂቃ ቆየን። ፑሌጃው ደረቅ። ዲስትሪቢዩተሩ ደረቅ። የነዳጅ ፓምፑ ደረቅ። በሦስቱም ቦታ ነጩ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

የመኪናዋ የውስጥ ሽታም ነገር በዚያው ተፈታ። ቬንትሌተሩ ለማሞቂያው የሚልከውን አየር የሚስበው ከዚያው ከሞተሩ ክፍል ነው። በየቀዳዳው የሚወጣው ጭስ በእሱ በኩል ወደ ልጄ ደረት ይደርስ ነበር።

ያረጀ ነገር ግን በእውነትም ነበር። ከሲሊንደሮቹ ስር ካሉት ስምንት የዘንግ ቱቦዎች ሁለቱ አሁንም ያልባቸው ነበር፣ የታችኛው መክደኛም ይንጠባጠባል። ሱማሌ ተራ ሄጄ ስምንት ቱቦና አሥራ ስድስት ጎሚኒ ገዛሁ። የዚች መኪና ምርት ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪቆም ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች ዕቃዋ ገና አልጠፋም። ለመግጠም ቴስታታው መውረድ ስላለበት በመጨረሻ ሞተሩ ወረደ፤ አራት ቡሎን ነው የሚይዘው። ቱቦዎቹ ጫፍና ጫፋቸው እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ነው፤ ቴስታታው ሲጠብቅ ተጨፍልቀው ጎሚኒውን ይጫኑታል። ጋሼ እያንዳንዱን ወደ 190 ሚሊሜትር ግድም በእጃቸው እየለጠጡ ለኩት፣ ስፌቱንም ወደ ላይ አዙረው ገጠሙት፤ ስፌቱ አንድ ቀን ቢከፈት ዘይቱ ከስር እንዳይፈስ።

የታችኛው መክደኛ በስድስት ዳዶ ይያዛል፤ በመሐሉ ወንፊትና ሁለት ወረቀት ጓርኒሲዮን አለ። በኃይል ተጠብቆ ስለነበር በየቀዳዳው ዙሪያ ጎብጧል፤ የጎበጠ ብረት ወረቀት አይጫንም። ጋሼ በጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጠው በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ አቀኑት። ሲያጠብቁ ቁልፉን በሁለት ጣት ብቻ ነበር የያዙት። የሚፈልገው 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። የድሮውን ማጣሪያ ከአባቴ ዕቃ ቤት አገኘሁት፤ ታጥቦ ተመለሰ፣ ቱቦውም ቦታው ገባ።

በሦስተኛው ሌሊት ካርቶን ላይ አንዲት ነጠብጣብ ነበረች፤ ከአሥር ሳንቲም የማትበልጥ፣ ከሞተሩ ትንሽ ወደ ፊት። ጋሼ ተንበርክከው ነኩዋት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ለእኔ አቀበሉኝ። ድኝ ድኝ ትሸታለች።

«ካምቢዮ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አውርደው በነጠብጣቧ ዙሪያ ክብ ሠሩና ቀኑን ጻፉባት።