የውጅግራ ቀለሃና የባሩዱ ልክ

የውጅግራ ጥይት መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ይሰማል። የናሱ ቀለሃ 59 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ክፈፍ አለው፤ ወደ አፉ ሲደርስ አንገቱ ይጠብና ወረቀት የተጠቀለለበትን የ11 ሚሊ ሜትር የእርሳስ አረር ይይዛል። አረሩ 25 ግራም ይመዝናል፤ ከበስተኋላው የተጠቀጠቀው ጥቁር ባሩድ ደግሞ 5 ግራም ከሩብ ነው። ጠመንጃው እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን ስሙን ያገኘው ከነዳፊው ከመኮንኑ ባዚል ግራ ነው፤ ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ያሉትን የኛ ሰው ውጅግራ አለው። ይህን ጥይት በቅርብ ማወቅ የሚጠቅመው ለታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ ቀለሃ ምን ያህል ባሩድ ሊጎርስ ይገባል ለሚለው ጥያቄ ውጅግራ የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ አደጋ የሚመጣው ያው ቀላል መልስ ወደ ዛሬ ሽጉጥ ሲሻገር ነው።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የተባለውን፣ ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ጠመንጃ ስትታጠቅ፣ ውጅግራዎቿ ትርፍ ሆኑና በጅቡቲ ባሕር በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተተኮሱት ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ አለበት። ከዚያም ወደ ምዕራብ ዘለቀ። የዝሆን ጥርስ ፍለጋ ከጎሬና ከኢሉባቦር ደጋ ወደ ባሮ ሸለቆ የሚወርዱ ነጋዴዎች ጠመንጃና ጥይት ይዘው ይወርዱ ነበር፤ በሸለቆው በሚኖሩት በአኙዋኮች ዘንድም ጠመንጃ ተከታይ የሚያሰባስብ፣ የአንዱን መንደር ኃይል ከሌላው የሚያበልጥ ሀብት ሆነ። ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ለእንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ፈቀዱ፤ ጋምቤላም በዚህ ጣቢያ ላይ አደገች። ውሉ ከተፈረመ አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1904 ዓ.ም.፣ የአኙዋኩ መሪ የአክዌይ ዋ ቻም ተዋጊዎች ከሱዳን የዘመተባቸውን የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በጠመንጃ ገጥመው ከ40 በላይ ሰው ገደሉበት። በዚያን ዘመን ጥይት በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው የሚያገበያይ ዝርዝር ገንዘብም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ተተኩሶ ባዶው አይጣልም። ቀለሃው ይለቀማል፤ እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ይፈስለታል፤ ከከሰል፣ ከድኝና ከባሩድ ጨው የተቀመመ የአገር ባሩድ ይሞላበታል።

የዚያን ዘመን ሰው ይህን ሲያደርግ ሚዛን ያላስፈለገው ግዴለሽ ስለነበረ አይደለም። ቀለሃው ራሱ መስፈሪያ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሹ የሚበልጠው ክብደቱ ጋዝ አይሆንም፤ ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል፤ ነጩ ደመናና አፈሙዙ ውስጥ የሚጋገረው እድፍ የዚህ ውጤት ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ወሰን አለው። ቀለሃውን የሠሩት ሰዎች ስፋቱን የለኩት የሚያስፈልገው ባሩድ ልክ እንዲሞላው አድርገው ነው፤ ከዚያ በላይ ልጨምር ቢሉ አረሩ አይገባም። እንዲያውም በጥቁር ባሩድ አደገኛው ጉድለት ነው፤ በባሩዱና በአረሩ መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ ግፊቱ አንድ ቦታ ላይ በድንገት ይበረታና አፈሙዙን ሊያሳብጥ ወይም ሊቀድ ይችላል። እንግዲህ «አረሩ እስኪነካው ሙላው» የሚለው ልማድ የዋህነት አልነበረም፤ ለዚያ ባሩድ ትክክለኛው የደኅንነት ሕግ እሱ ነበር።

የለበል ጥይት ይህን ሕግ ሻረው። የ15 ግራም አረሩን በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ የሚያስወነጭፈው ከ3 ግራም ያነሰ ባሩድ ነው፤ ውጅግራ ግን 5 ግራም ከሩብ አቃጥሎ የሚደርሰው ወደ 450 ሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ያህሉ ባሩድ የበለጠ ጉልበት ሰጠ ማለት ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ሲነድ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ጋዝ ይሆናል፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አነዳዱ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱን መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ትንሽ ጭማሪ ትንሽ ውጤት አታመጣም።

በሽጉጥ ይህ ጎልቶ ይታያል። ነጥብ 38 ስፔሻል የሚባለው የተዘዋዋሪ ሽጉጥ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወጣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነበር፤ ረጅም ቀለሃው የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ዛሬ የሚገባበት ጭስ አልባ ባሩድ ከግርጌው ጥቂት ብቻ ይይዛል። ሠራተኛው ተዘናግቶ ሁለት ጊዜ ቢጨምርበት ቀለሃው አይሞላም፤ አረሩም ያለ ችግር ይገጥማል፤ ከውጭ ሲታይ ከደህናው አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1902 ለጭስ አልባ ባሩድ ታስቦ የተሠራው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት ግን አጭር ነው፤ ባዶ ቦታው ያነሰ በመሆኑ አረሩ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ጠልቆ ቢገጠም እንኳ ግፊቱ ክፉኛ ይንራል። አንዱ ቀለሃ ስህተትን ይደብቃል፤ ሌላው ለስህተት ቦታ አይተውም።

አረሩ እርሳስ መሆኑም የራሱን ጣጣ ያመጣል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ለስላሳ ነው፤ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ካልገባበት ሲፈጥን አፈሙዙ ውስጥ እየተለጠፈ ይሄዳል። ከአፈሙዙ ስፋት በጥቂቱ ከቀጠነ ትኩስ ጋዝ በጎኑ ያመልጥና ዳርና ዳሩን ያቀልጠዋል። መዳብ ለበስ አረርን በማሰብ የተጻፈ የባሩድ ልክ ለእርሳስ የማያገለግለው ከዚህ የተነሳ ነው። የእርሳስ አቧራና ብናኝ በእጅና በምግብ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ እንደሚመርዝ፣ ጉዳቱም በሕፃናት ላይ እንደሚብስ ደግሞ በዚሁ አጋጣሚ መባል አለበት።

አባቶች ሲሞሉ ኖረዋል፣ ምንም አልሆኑም የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እውነት ነው፤ የሞሉት ግን ጥቁር ባሩድ ነው፤ ያዳናቸው የባሩዱ ልግመት ነው። ሌላው ጠንከር ያለ ክርክር «እንግዲያው ጭስ አልባውን ቀነስ አድርጎ መጨመር ነዋ» የሚለው ነው። ቀነስ ማለት ከምን ቀነስ? ፈጣኑና ዘገምተኛው ባሩድ በዓይን አይለይም፤ ሁለቱም ግራጫ ቅንጣት ሊሆን ይችላል። ከክላሽ ጥይት የተገለበጠ ባሩድ በዘገምተኛ አነዳድ የተሠራ ነው፤ በአጭር የሽጉጥ አፈሙዝ ውስጥ ነዶ ሳያልቅ አረሩን መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። የሽጉጥ ባሩድ በጠመንጃ ቀለሃ ቢሞላ ደግሞ መቀርቀሪያውን የሚሰብር ግፊት ይፈጥራል። መስፈሪያ ማንኪያ ቦታን እንጂ ክብደትንም ፍጥነትንም አያውቅም።

ሥራው በሕግ በሚፈቀድባቸው አገሮች ጥይት በእጅ የሚሞሉ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ከራሳቸው ግምት አይነሱም። የባሩዱ አምራች ለዚያ ባሩድ፣ ለዚያ ቀለሃና ለዚያ አረር ለይቶ ካሳተመው ሠንጠረዥ ይነሳሉ፤ ከጣሪያው በአሥር በመቶ ገደማ ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፤ በሚዛን ይመዝናሉ፤ አረር ከመግጠማቸው በፊት ቀለሃዎቹን ደርድረው በብርሃን አንድ በአንድ ውስጣቸውን ያያሉ። የማይታወቅ ባሩድ ሠንጠረዥ የለውም፤ ስለዚህ አነስተኛ የሚባል አስተማማኝ ልክም የለውም። በአገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚሞላ ጥይት ከሕጉም ይጋጫል።

ግን በእጅ የተሞላ ጥይት ዛሬም በሰው እጅ ሊገኝ ይችላልና ምልክቱን ማወቅ ሕይወት ያተርፋል። ቃታው ተስቦ ድምፁ የታፈነ ከሆነ፣ መሣሪያው እንደ ወትሮው ወደ ኋላ ካልረገጠ፣ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጥይት ከተከተለው የሚፈነዳው አፈሙዙ ነው፤ የሚጎዳውም የያዘው እጅና አጠገቡ ያለው ሰው ፊት ነው። ቃታው እንደገና አይነካም፤ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ ጥቂት ይቆያል፤ ጥይቱ በሙሉ ወጥቶ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከአፈሙዙ በኩል የእንጨት ዘንግ ገብቶ ወዲያ ማዶ ድረስ መዝለቅ አለመዝለቁ ይታያል።