ቧንቧው ከመዘርጋቱ በፊት ምንጩ ይለካ

ከተማ ሲሰፋ ቤቱ የሚሠራው በከተማው ክልል ነው፤ ውሃው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከገበሬው ቀበሌ ነው። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የምትጠጣው በዚሁ መንገድ ነው። በየክፍለ ሀገሩ የሚያድጉ ከተሞችም አዲስ ሰፈር ለመሥራት ሲያቅዱ ዓይናቸውን የሚጥሉት በአቅራቢያቸው ባለ ምንጭ፣ ወንዝ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ነው። ያን ጊዜ መሐንዲሶች ይመጣሉ፤ ስብሰባ ይጠራል፤ በመጨረሻም የገበሬ ማኅበሩ መሪ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲፈርም ይጠየቃል።

ከተሜውም ወገን ነው፤ ውሃ መጠጣት አለበት። ጥያቄው ምን ያህል ይወሰዳል፣ ለገበሬውስ ምን ያህል ይቀራል የሚለው ነው። ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚከተል ሐረማያ አሳይቷል። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት ውሃ የምትስበው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። የአካባቢው ገበሬም ከዚያው ሐይቅ በሞተር ፓምፕ እየሳበ ጫቱንና አትክልቱን ያጠጣ ነበር። ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ ሐይቁን በደለል ይሞላው ነበር። ሁሉም በየፊናው ሲስብ ለድምሩ ልጓም አልተበጀለትም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ከተማዋ ውሃ ፍለጋ እስከ ድሬዳዋ አካባቢ ድረስ ለመሄድ ተገደደች፤ ገበሬውም ያጠጣበት የነበረውን ሐይቅ አጣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በሐይቁ ውሃ ዳግም ቢታይም የጠፋው ዘመን አይመለስም።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አደረገ። በአንቀጽ 11 መሠረት የውሃ ሥራ ለመገንባት፣ ውሃ ለማቅረብም ሆነ የሳቡትን ውሃ ለሌላ ለማስተላለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱም የሚሰጠው የታሰበው አጠቃቀም ውሃውንና አካባቢውን የማይጎዳ፣ የሌላውንም ሰው ሕጋዊ ጥቅም የማይነካ ሲሆን ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ እንዲገለጽና ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ነዋሪ አስተያየት እንዲካተት አዘዘ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ሕዝቡ አካባቢውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ የመመካከር መብት ሰጥቶታል።

እዚህ ላይ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአዋጅ 197 አንቀጽ 12 መሠረት በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታና የውሃ ወፍጮ ፈቃድ አይጠይቁም። ይህ ለገበሬው ትልቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ፈቃድ የለም ማለት መዝገብም የለም ማለት ሊሆን ይችላል። የከተማው ማመልከቻ በቁጥር፣ በካርታና በማኅተም ሲቀርብ የገበሬው ቦይ በወረቀት ላይ ካልታየ ምንጩ ባለቤት እንደሌለው ትርፍ ውሃ ሊቆጠር ይችላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና የገበሬው አጠቃቀም ከወዲሁ ይጻፍ።

አጻጻፉ አስቸጋሪ አይደለም። በምንጩ ስንት አባወራ እንደሚጠጣ፣ ስንት ከብት እንደሚጠጣ፣ ስንት ጥማድ መሬት በመስኖ እንደሚለማ ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ውሃውም ይለካል። በአንድ ቦይ የተሰበሰበ ምንጭ 20 ሊትር የሚይዘውን ጄሪካን በ10 ሰኮንድ ከሞላ በሰኮንድ 2 ሊትር፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 172,800 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ልኬቱ በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን ምንጩ በሚደክምበት የበጋ ወር መሆን አለበት። የክረምቱን ውሃ ተመልክቶ የተፈረመ ውል በበጋ ያጣላል።

ከዚህም ሌላ ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ የሚወሰደው ውሃ በሰኮንድ ስንት ሊትር ነው? በድርቅ ጊዜስ ማን በምን ያህል ይቀንሳል? ሁለተኛ፣ ውሃው ለመጠጥ ነው ወይስ ለፋብሪካና ለመኪና እጥበት ጭምር? አዋጁ በአንቀጽ 7 ቅድሚያ የሰጠው ለቤት ውስጥ ፍጆታ ነው፤ የገበሬው እንስራም የቤት ውስጥ ፍጆታ ነው። ሦስተኛ፣ ቧንቧው በሚያልፍባቸው መንደሮች ቦኖ ይተከላል? አራተኛ፣ ማሳው ወይም መስኖው የሚነካበት ገበሬ ካሳውን መቼ ያገኛል? አምስተኛ፣ የምንጩን አናት ከጎርፍና ከደለል የሚጠብቀውን የእርከንና የችግኝ ሥራ ወጪ ማን ይሸፍናል?

መልሶቹ በጽሑፍ ይሰጡ፤ አንድ ቅጅም በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ። መሪው ብቻውን ሳይሆን በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችም በጉባኤው ይናገሩ፤ ምንጩ የሚደክምበትን ወር ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። በሥራ ላይ ያለውን ደንብና የክልሉን መመሪያም ከወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

እንዲህ የተደረገ ስምምነት ከተማውንም ይጠቅማል፤ ምንጩ ከደረቀ የአዲሱ ሰፈር ቧንቧም ይደርቃልና። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ መሐንዲሶቹ እስኪመጡ ሳይጠበቅ በመጪው በጋ ምንጩ ይለካ፤ መዝገቡም ይከፈት።