ምግብና የተማሪ አእምሮ

በናይሮቢ የዘወትር ምግብ ከሆኑት አንዱ «ጊቴሪ» የሚባለው የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ነው። ሆድ ይሞላል፤ ለአእምሮስ ይበቃል ወይ? ይህንኑ ለማወቅ የናይሮቢና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ኤምቡ ውስጥ በ12 ትምህርት ቤቶች ሙከራ ጀመሩ። ጊቴሪው ለአንዳንዶቹ ልጆች ከሥጋ፣ ለሌሎቹ ከወተት ወይም ከዘይት ጋር ተሰጠ፤ ምንም ያልተሰጣቸውም ነበሩ። በማገናዘብ ፈተና ከሁሉ የላቁት ሥጋ የተጨመረላቸው ሆኑ። ሥጋ ብረት፣ ዚንክና በእህል የማይገኘውን ቪታሚን ቢ12 ይዟልና።

ሥጋ በየቀኑ በማይገኝበት ቤትስ? ቢ12ን እንቁላልና ወተት፣ ብረትን ቦሎቄና ምስር ይሰጣሉ። ሎሚ ሲታከልበት ሰውነት ብረቱን በይበልጥ ይወስዳል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ይቀንሰዋል።

እኛ መምህራንም እንግዲህ ተማሪውን «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት «ምን በልተህ መጣህ?» ብለን እንጠይቅ።