የአሮጌ መኪና ሞተር ሲንተባተብና ሲጠፋ

 

ዛሬ የምንነጋገረው በካርቡራተር ስለሚሠራ አሮጌ የቤንዚን መኪና ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለውን ጠብቆ ማቆየት አለበት። እንጀራው በመኪናው ለሆነ ሰው ደግሞ ሞተር ቆመ ማለት ገቢ ቆመ ማለት ነው።

ሞተር ምን ይፈልጋል? ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ቤንዚን፣ አየርና እሳት። ምድጃን አስቡ። እንጨት ኖሮ ክብሪት ከሌለ አይነድም። ክብሪት ኖሮ አየር ካጣ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ሞተርም እንደዚሁ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ ሳያውቁ ዕቃ መለወጥ ገንዘብ መበተን ነው።

መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ሞተሩ መቼ እንደሚጠፋ ጻፉ። ጠዋት በብርድ ነው? ከጋለ በኋላ ነው? ዝናብ ሲጥል ነው? ወይስ መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ? ይህች ትንሽ ጽሑፍ ለመካኒኩም ትጠቅማለች።

አንደኛ፣ እሳቱን መርምሩ። በባሕር ዳር ክረምቱ እርጥብ ነው። የካንዴላ ካቮ ከተሰነጠቀ እርጥበት ይገባና እሳቱ መንገድ ይስታል። ሞተሩ ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ካቮዎቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ካቮ ከመንቀላችሁ በፊት ግን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ቁጥር ጻፉባቸው። ከተደበላለቁ ሞተሩ ይንተባተባል፣ ወይም አይነሣም።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትታችሁ ቀለሙን አንብቡ። ካንዴላም እንደ ፊደል ይነበባል። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም አየር አንሷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። በቤንዚን ከራሰ እሳት አልደረሰውም፣ ወይም ቤንዚን በዝቶበታል።

ሁለተኛ፣ ቤንዚኑን ተመልከቱ። በጀሪካን የተቀመጠ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ይይዛል። ቆሻሻው ፊልትሮውን ይዘጋል። በካርቡራተር ውስጥ ያለችውን ቀጭን ቀዳዳም ይደፍናል። መኪናው ሲሮጥ ደህና ሆኖ በሚኒሞ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ይህችን ቀዳዳ ጠርጥሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የቤንዚን መያዣውን ክዳን ክፈቱ። አየር በኃይል ከተሳበና ሞተሩ ከተነሣ፣ ጥፋቱ አየር የማያስገባው ክዳን ነው።

ሦስተኛ፣ አየሩ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ናት። አየሯ በባሕር ወለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ፊልትሮውን አራግፉ፣ ካረጀ ለውጡ። ከካርቡራተሩ በታች ያሉትን ጎማዎችም እዩ። ከተቀደዱ ያልተፈለገ አየር ገብቶ ሞተሩን ያንተባትባል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ መንገድ እንሂድ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ታችም ሙቀት ነው። ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ይግላል። ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ፖምፓው እንፋሎትን መግፋት አይችልም፤ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ከመንገድ ወጥታችሁ ደህና ቦታ ቁሙ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አድርጉ፣ ኮፈኖውን ክፈቱና ይብረድ። በፖምፓውና በቤንዚን ቱቦው ላይ የራሰ ጨርቅ ማድረግም ይረዳል። ሙቀት ሲበዛ የሚደክም ቦቢናም ይህንኑ ጠባይ ያሳያልና፣ ቤንዚኑ ደህና ሆኖ ከተገኘ ቦቢናውን አስመርምሩ።

ቁልቁለት ስትወርዱ ግን ቤንዚን ለመቆጠብ ብላችሁ ሞተር አታጥፉ፤ ከማርሽም አታውጡ። ብዙ መኪና ፍሬኑን የሚያግዘው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ፔዳሉን ሁለትና ሦስት ጊዜ እንደረገጣችሁ ይደርቃል። በዚያ ገደል ላይ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቤንዚን በፈሰሰበትም ሲጋራ፣ ክብሪት ወይም ብልጭታ አይቅረብ።

እንግዲህ ይህችን ያዙ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ከዚያ ሞክሩ፣ ያያችሁትን ጻፉ። ሦስት ነገር አንድ ላይ የነካ ሰው ሞተሩ ቢነሣለትም ምን እንዳዳነው አያውቅም። ነገ ሲጠፋበት እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ደህና ሁኑ።