ለውጭ ገዢ የተሰጠው ዋስትና ለቡኢ ገበሬም ይድረስ!

የእንስሳት ሀብት የሰፊው አርሶ አደር የኑሮ መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። በሶዶ ወረዳ፣ በቡኢና በአካባቢዋ የሚኖረው ገበሬ ላም የሚያረባው ለወተቷና ለቅቤዋ ብቻ አይደለም፤ የእንሰት ጓሮው የሚለመልመው በፍግዋ ነው። ላሟ ስትሞት እንሰቱም ይከሳል። ስለሆነም በእንስሳት መድኃኒትና መኖ ላይ የሚደረገው የመንግሥት ቁጥጥር የቢሮ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጓዳ ጉዳይ ነው እንላለን።

ታሪክ እንደሚመሰክረው፣ ድንበር የሚሻገር ንግድ በረከት ብቻ ይዞ አይመጣም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለኢጣሊያ ጦር ስንቅ ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር በምጽዋ የገባው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀንን አስከትሏል። ይኸው በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ሊታወጅ የበቃው፣ ጥራቱ እየተመረመረ የተሰጠ ክትባት ስለነበረ ነው።

ጥራት ሲጎድል ደግሞ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። ኃይሉ የደከመ ወይም ከመጠኑ ያነሰ መድኃኒት የበሽታውን ተሐዋስያን መግደሉ ቀርቶ ያለማምዳቸዋል። በ1980ዎቹ ዓመታት በጊቤ ሸለቆ በተካሄደ ጥናት የገንዲ ተሐዋስያን የተለመዱትን መድኃኒቶች መቋቋማቸው ተረጋግጧል። መኖውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች መካከል የአፍላቶክሲን መጠናቸው ከአውሮፓ ወሰን ያላለፈው 9 ብቻ ነበሩ፤ የኑግ ፋጉሎ ዋነኛው የብክለት ምንጭ ሆኖ ተገኝቷል።

ሕግ አልታጣም። አዋጅ ቁጥር 728/2004 የእንስሳት መድኃኒት ሳይመዘገብ ጥቅም ላይ እንዳይውል ደንግጓል። በ2014 ዓ.ም. የቁጥጥሩ ኃላፊነት ወደ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተዛውሯል። ይሁንና እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ ይታየናል። የውጭ ገዢ ሥጋት ሲያድርበት በሩን ይዘጋል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1993 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ምክንያት አድርጋ ከአፍሪካ ቀንድ የሚላኩ የቁም እንስሳትን ማገዷ ይታወሳል። የቡኢ ገበሬ ግን የመድኃኒቱን ብልቃጥ ቢያገላብጥ ውስጡን ሊያውቅ አይችልም፤ የሚዘጋው በርም የለውም። የእሱ በር ሕጉ ነው።

በመሆኑም ቁጥጥሩ በጉምሩክ ኬላ ተጀምሮ በጉምሩክ ኬላ ማለቅ የለበትም። እስከ ወረዳ ገበያ ወርዶ የመድኃኒት መደብሩንና የፋጉሎ መጋዘኑን መፈተሽ ይገባዋል። አርሶ አደሩም ማኅተሙ የተነካ ብልቃጥ ባለመግዛት፣ በየጉልቱ መድኃኒት የሚቸረችሩ ጥቅም አሳዳጆችን በማጋለጥ የሕጉ ዘብ መሆን ይጠበቅበታል። ለባዕድ ማዕድ የተሰጠው ጥንቃቄ ለአገሬው ጓዳ ሊነፈግ አይገባም!